ከእርግዝና በፊት ያሉት ቀናት

 ወደ እንጅባራ የጠራችሁኝ ስለ ሥራና ቤተሰብ እንድናገር ነው። በዚህ ርእስ ስንነጋገር አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው ልጅ ከተወለደ በኋላ ያለውን ነው፤ የወሊድ ፈቃዱን፣ ጡት ማጥባቱን፣ የሞግዚቷን ነገር፣ የሕፃናት ማቆያውን። እኔ ዛሬ ከዚያ በፊት ስላለው ጊዜ እናገራለሁ። ልጅ ፈልገው ስላላገኙ፣ ለዚያም ሕክምና ስለጀመሩ ወይም ሊጀምሩ ስለሚያስቡ፣ በዚያው ወቅት ደግሞ ሥራ ስለሚፈልጉ ወይም የያዙትን ሥራ እንዳያጡ ስለሚሰጉ ባልና ሚስት ነው የምናገረው።

ሐሳቤን ከመነሻው ላስቀምጠው፤ ኋላም ደጋግሜ እመለስበታለሁ። የመካንነት ሕክምና ሥራን መተው አይጠይቅም። የሚጠይቀው ቀን ነው፤ ያውም ጥቂት ቀን፣ ነገር ግን በሰዓቱ የተገኘ ቀን። ሕጋችን እርጉዝ ሴትን ያውቃታል፣ ወላድንም ያውቃታል፤ ለማርገዝ የምትታከመውን ሴትና ባሏን ግን በስም አያውቃቸውም። በዚህ ክፍተት የተነሣ ሰዎች ሥራቸውን ወይም ሕክምናቸውን እንዲመርጡ ይገደዳሉ። ምርጫው ደግሞ የእውነት ምርጫ አይደለም፤ ሥራውን ያጣ ሰው ሕክምናውንም ያጣልና። መጀመሪያ ስለ ችግሩ ስፋት፣ ቀጥሎ ሕክምናው ስለሚወስዳቸው ቀናት፣ ከዚያ ስለ ሕጉና ስለ ሥራ ፈላጊዋ፣ በመጨረሻም ስለሚነሡ ተቃውሞዎች እናገራለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት መካንነትን በሽታ ብሎ ይተረጉመዋል። ባልና ሚስት ያለ መከላከያ ለ12 ወራት ወይም ከዚያ በላይ አዘውትረው ተገናኝተው እርግዝና ካልመጣ መካንነት ይባላል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ ካሉ አዋቂዎች 17.5 በመቶ ያህሉ፣ በግርድፉ ከስድስት ሰው አንዱ፣ በሕይወቱ ዘመን ይህ ችግር ይገጥመዋል። በሀብታሞቹ አገሮች 17.8፣ ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆኑት 16.5 በመቶ ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። እንግዲህ 60 ሠራተኞች ያሉት አንድ መሥሪያ ቤት የዓለምን አማካይ ያህል ቢይዝ እንኳ አሥሩ ይህን ያዩ ወይም የሚያዩ ናቸው። ኃላፊው ግን ማን እንደሆኑ አያውቅም፤ የማያውቅበትም ምክንያት አለው። በእኛ ሰርግ ሙሽሮች የሚመረቁት «ውለዱ፣ ክበዱ» ተብለው ነው። ላልወለደ ሰው የምንሰጠው ምርቃት «ዓይንህን በዓይንህ ያሳይህ» ነው። ምርቃቱ መልካም ነው። ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብ ግን ምርቃቱ ወደ ጥያቄ ይለወጣል፣ ጥያቄውም ሐሜት ይሆናል፤ ሐሜቱ የሚያርፈው ደግሞ ሁልጊዜ ሴቲቱ ላይ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን። አባባሉ የሚወቅሰው የደበቀውን ሰው ነው። እኔ ግን እጠይቃችኋለሁ፤ ብትናገር ሥራዋንና ክብሯን የምታጣ ሴት ብትደብቅ ጥፋቱ የማን ነው?

እዚህ ላይ ስለ ወንዶች አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ልጅ ካጡ ባልና ሚስት መካከል ግማሽ በሚጠጉት ላይ የወንዱ ዘር ችግር፣ ብቻውን ወይም ከሴቷ ችግር ጋር ተደምሮ፣ የምክንያቱ አካል ነው። የወንድ ዘር ምርመራ ከምርመራዎቹ ሁሉ ቀላሉ ነው፤ ቢላ አይነካውም፣ መርፌ አይወጋበትም፣ የሠለጠነ ባለሙያና ማይክሮስኮፕ ካለ ይሠራል። ሆኖም ሴቲቱ ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ወደ ግል ክሊኒክ ስትመላለስ፣ የማህፀን ቱቦዋ ፎቶ ሲነሣ፣ ከሥራዋ በየሳምንቱ ፈቃድ ስትለምን ባልየው አንድ ጊዜም ሳይመረመር ዓመታት የሚያልፉበት ቤት አለ። ናሙናው ከተሰጠ በኋላ በአንድ ሰዓት ውስጥ መታየት ስላለበት ከመስክ ሥራ ላይ ሆኖ በሰው እጅ መላክ አይቻልም፤ ወንዱም ራሱ አንድ ጠዋት ከሥራ ቀርቶ ሆስፒታል መሄድ አለበት። ባሎች በጊዜ ቢመረመሩ ሚስቶች ከሥራ የሚቀሩባቸው ብዙ ቀናት ገና ከመነሻው ይተርፋሉ። በየዓመቱ ጥር 23 በአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል በአንድ ሜዳ የሚሰበሰቡ የሰባት ቤት አገው አባቶች ቃላቸው ይሰማል። ማኅበሩ ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፤ እንዲህ ያለ የተከበረ ድምፅ ባሎችን «ከሚስቶቻችሁ ጋር አብራችሁ ተመርመሩ» ቢል የትኛውም የጤና ባለሙያ የማይደርስበት ቤት ይደርሳል።

አሁን ወደ ቀኖቹ እንምጣ። የመካንነት ሕክምና ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው የሚያስበው ከሰውነት ውጭ የሚደረገውን ጽንስ፣ አይ.ቪ.ኤፍ የሚባለውን ነው። እውነቱ ግን ብዙዎች እዚያ ድረስ መሄድ አያስፈልጋቸውም። እንቁላል በየወሩ የማይወጣላት ሴት በሚዋጥ ክኒንና በአልትራሳውንድ ክትትል ልትረዳ ትችላለች፤ የታይሮይድ ችግር በመድኃኒት ይስተካከላል፤ በወቅቱ የታከመ የአባላዘር በሽታ ቱቦ ሳይዘጋ ይድናል። በአፍሪካ ለመካንነት ትልቅ ድርሻ ያለው በኢንፌክሽን የተጎዳ የማህፀን ቱቦ መሆኑን ስናስታውስ ይህ የመጨረሻው ትልቅ ነገር ነው። እነዚህ ሕክምናዎች የሚጠይቁት ግማሽ ቀንና አንድ ቀን ነው፤ አንዳንዴ በየወሩ፣ አንዳንዴ በየሦስት ወሩ። ቱቦዋ በሁለቱም በኩል ለተዘጋ ሴት ወይም ዘሩ እጅግ ላነሰ ወንድ ግን አይ.ቪ.ኤፍ ዋናው መንገድ ነው። የዚህ ሕክምና የመጀመሪያዋ ልጅ እ.ኤ.አ. በ1978 በእንግሊዝ ተወለደች፤ ሕክምናውን ካገኙት አንዱ ሮበርት ኤድዋርድስ እ.ኤ.አ. በ2010 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በአገራችን በመንግሥት ሆስፒታል ደረጃ የመጀመሪያው ማእከል በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ተከፈተ። ኮሌጁ ከአሜሪካው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ ነው ያቋቋመው፤ በዚህ ሥራ ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ የመካንነት ሐኪም ፕሮፌሰር ሰናይት ፍሥሐ ትልቅ ድርሻ አላቸው።

የአንዱን ዙር ቀናት አብረን እንቁጠር። ሴቲቱ ከ8 እስከ 14 ለሚደርሱ ቀናት በየዕለቱ የሆርሞን መርፌ ትወጋለች፤ ከመርፌዎቹ አንዳንዶቹ ማቀዝቀዣ ይፈልጋሉ። በሁለትና በሦስት ቀን አንዴ በአልትራሳውንድ ትታያለች። እንቁላሉ ሲደርስ የመጨረሻው መርፌ ይሰጣታል፤ ከዚያ 36 ሰዓት ገደማ ቆይቶ እንቁላሉ ይወሰዳል። ይህች ሰዓት አትዛነፍም። ስብሰባ አለ ተብሎ፣ ኦዲተር መጣ ተብሎ፣ ፈተና አርሚ ተብሎ ወደ ነገ አትገፋም፤ ብትገፋ ሁሉም ወጪና ድካም ባክኖ ይቀራል። ከዚያ ሦስት ወይም አምስት ቀን ቆይቶ ጽንሱ ወደ ማህፀን ይገባል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ውጤቱ ይታወቃል። አዲስ አበባ የምትኖር ሠራተኛ ከዚህ ሁሉ ከሥራ የምትቀረው በጠዋት ተመልሳ የምትገባባቸውን ሰዓታት ጨምሮ ከሳምንት ብዙም አይበልጥም። ከእንጅባራ የምትነሣው ግን እንዲህ አይደለችም። አዲስ አበባ ከዚህ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ለአንድ አልትራሳውንድ ሄዶ መመለስ ስለማይቻል ሦስት ሳምንት ያህል ዘመድ ቤት ወይም ኪራይ ቤት መቀመጥ ይመጣል። በክልላችን በአማራ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የቀጠለው ግጭት መንገድ የዘጋ ዕለት ደግሞ የተቆጠረው ቀን ሁሉ ይፈርሳል። ለአዲስ አበባዋ የሳምንት ጉዳይ የሆነው ለእንጅባራዋና ለዳንግላዋ የሦስት ሳምንት ጉዳይ የሚሆነው በሕክምናው ምክንያት ሳይሆን በርቀቱ ምክንያት ነው። ስለዚህ ርቀቱን ማሳጠር ይቻላል። ባሕር ዳር ከእንጅባራ 120፣ ከዳንግላ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን ሆስፒታሎች የማህፀን ሐኪሞች አሏቸው። የመጀመሪያ ምርመራው በእንጅባራና በዳንግላ ሆስፒታሎች፣ የአልትራሳውንድ ክትትሉ ባሕር ዳር ቢሠራና ማእከሉ ውጤቱን በስልክ ተቀብሎ መድኃኒቱን ቢያስተካክል ሴቲቱ አዲስ አበባ የምትቆየው ለመጨረሻዎቹ ቀናት ብቻ ይሆናል። በሌሎች አገሮች ራቅ ብለው ለሚኖሩ ታካሚዎች የሚደረገው ይኸው ነው።

«ታዲያ ለምን ሥራዋን ትታ ዐርፋ አትታከምም?» የሚል ምክር ከዘመድም ከጎረቤትም፣ አንዳንዴም ከአለቃ ይመጣል። ምክሩ ከፍቅር ሊመጣ ይችላል፤ ማስረጃው ግን አይደግፈውም። እ.ኤ.አ. በ2011 በታወቀው የእንግሊዝ ሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት 14 ቀደምት ጥናቶችን፣ በድምሩ 3,583 ሴቶችን አንድ ላይ መርምሮ፣ ከሕክምናው በፊት የነበራቸው ጭንቀት የማርገዝ ዕድላቸውን እንደማይቀንስ አሳይቷል። ሴት «ስለተጨነቅሽ ነው ያላረገዝሽው» መባሏ ስለዚህ ስሕተት ብቻ ሳይሆን በደልም ነው። ጽንሱ ከገባ በኋላ አልጋ ላይ መተኛትም ውጤቱን እንደማያሻሽል ጥናቶች ደጋግመው አረጋግጠዋል፤ ዛሬ የዘርፉ ሐኪሞች መተኛትን አይመክሩም። ሥራ መተው መድኃኒት ቢሆን ኖሮ ልመክረው እችል ነበር፤ መድኃኒት ግን አይደለም። ከዚህም ሌላ የገንዘቡ ነገር አለ። አንድ ዙር የአንድ መምህር ወይም ነርስ የብዙ ወር ደመወዝ ይበላል፤ በዓለም ሁሉ እንደሚታየው ብዙው ሙከራ በመጀመሪያው ዙር አይሳካም፤ ዕድሉም ከ35 ዓመት በኋላ እየቀነሰ፣ ከ40 በኋላ እጅግ እየሳሳ ይሄዳል። ዕቁቡ የሚጣለው፣ ብድሩ የሚጠየቀው፣ መድኃኒቱ የሚገዛው ከደመወዝ ነው። ሥራዋን የተወች ሴት ዐረፈች አንልም፤ የሁለተኛውን ዙር በር በገዛ እጇ ዘጋች ነው የምንለው።

ወደ ሕጉ ልግባ። የመንግሥት ሠራተኞች በራሳቸው አዋጅ ይተዳደራሉ፤ እኔ የባንኩን፣ የግል ትምህርት ቤቱንና የድርጅቱን ሠራተኛ የሚመለከተውን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን በምሳሌነት እወስዳለሁ። አዋጁ ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ለእርግዝና ምርመራ ስትሄድም ፈቃድ አላት። ለአባት 3 ቀን አለ። በእርግዝና ምክንያት ከሥራ ማሰናበትን ይከለክላል። እነዚህ ትልልቅ ነገሮች ናቸው፤ ታግለው ላመጧቸው ምስጋና ይገባል። ግን ልብ በሉ፤ ጥበቃው ሁሉ የሚጀምረው እርግዝናው ከተገኘ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ያለችው ሴት ያላት የዓመት ፈቃድ ነው፤ እሱም ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን ሲሆን የሚሰጠው አንድ ዓመት ከሠራች በኋላ ነው። ለእንጅባራዋ ሠራተኛ 16 ቀን የአንድ ዙር ቆይታ ብቻ ነው፤ የቤተሰብ ሕመም ቢመጣ ሌላ የዓመት ፈቃድ አይተርፋትም። የሕመም ፈቃድ አለ፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ። ነገር ግን አለቃው «ይሄ ሕመም ነው እንዴ?» ብሎ የጠየቀ ዕለት ነገሩ ይቆማል። ለብርቱና ድንገተኛ ጉዳይ ያለ ደመወዝ እስከ 5 ቀን፣ በበጀት ዓመት ሁለቴ፣ መውሰድ ይቻላል። ሠራተኞች ከዚህም ከዚያም ቀን እየለቃቀሙ፣ ምክንያት እየፈጠሩ፣ የሌለ ለቅሶ እየተናገሩ የሚታከሙት ለዚህ ነው። ቅን ሠራተኛን ውሸት የሚያስተምር አሠራር ማንንም አይጠቅምም።

ይህ ክፍተት የእኛ ብቻ አይደለም፤ አውሮፓም ገጥሞታል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2005 በኦስትሪያ አንዲት የዳቦ ቤት አስተናጋጅ አንድ ወር ተኩል የሚጠጋ የሆርሞን ሕክምና ወስዳ፣ እንቁላሏ ተወስዶ፣ ጽንሱ ወደ ማህፀኗ ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው አሠሪዋ በስልክ ከሥራ አሰናበታት። ክርክሩ እስከ አውሮፓ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ሁለት ነገር ወሰነ። ጽንሱ ማህፀኗ ውስጥ ስላልገባ እርጉዝ ነበረች ሊባል አይችልም አለ፤ የእርግዝና ጥበቃው አልደረሰላትም ማለት ነው። ነገር ግን እንቁላል መውሰድና ጽንስ ማስገባት በሴት አካል ላይ ብቻ የሚደረግ ሕክምና በመሆኑ፣ የተሰናበተችው በዋናነት በዚህ ምክንያት ከሆነ ይህ በጾታ ላይ የተመሠረተ አድልዎ ነው አለ። የዚህን ፍርድ አስተሳሰብ ወደ እኛ ማምጣት አይከብድም። አዋጃችን በጾታ አድልዎ ማድረግን ይከለክላል። በሕክምናው የተሰናበተች ሴት በጾታዋ ተሰናበተች የሚለውን ክርክር ከኦስትሪያዊቷ እኩል የእኛም ሴት ልታቀርበው የምትችለው ነው።

ሥራ ፈላጊዋን ለብቻዋ ላንሣት፤ ከሁሉም የተጋለጠች እሷ ናትና። ዲግሪ በ23 ዓመት ይያዛል እንበል። ማስታወቂያ ማንበብ፣ ሲቪ ማስገባት፣ ለፈተና ባሕር ዳር መመላለስ፣ ኮንትራት መያዝ፣ ቋሚ መሆን፣ ማስተርስ መማር፤ ይህ ሁሉ የሚያልቀው ማህፀን እጅግ ለም በሆነባቸው ዓመታት ነው። ሐኪሞች ከ35 ዓመት በታች ያለች ሴት ዓመት ሞክራ ካላረገዘች፣ ከ35 በላይ የሆነች ደግሞ ስድስት ወር ሞክራ ካላረገዘች እንድትመረመር ይመክራሉ። «መጀመሪያ ሥራ ልያዝ፣ ከዚያ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ» የሚለው ሐሳብ ለ25 ዓመቷ ሊሠራ ይችላል፤ ለ34 ዓመቷ ግን ጊዜዋን ይበላባታል። የእኔ ምክር ምርመራውን ከሥራ ፍለጋው ጋር አብሮ ማስኬድ ነው። ሥራ ፍለጋ አድካሚ ቢሆንም አንድ በረከት አለው፤ ቀኑ በአንቺ እጅ ነው። የደም ምርመራው፣ የአልትራሳውንዱ፣ የቱቦው ፎቶ፣ የባልሽ ምርመራ በዚህ ጊዜ ቢያልቅ ሥራ ስትይዢ የሚቀርሽ ዋናው ሕክምና ብቻ ይሆናል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አዲስ የተቀጠረ ሰው የሙከራ ጊዜው እስከ 60 የሥራ ቀን ይደርሳል፤ በዚያ ጊዜ የሕመም ፈቃድ መብት አይጀምርም፣ ማሰናበትም ቀላል ነው። ዕድሜሽ ከፈቀደ ዙሩን ከሙከራው ጊዜ በኋላ አድርጊው፤ ሐኪሞች የዙሩን መነሻ ቀን በክኒን በተወሰነ ደረጃ ሊያስተካክሉት ይችላሉ። መምህራን ለምሳሌ ከክረምቱ ዕረፍት ጋር ሊያገጣጥሙት ይችላሉ።

በቃለ መጠይቅስ ልናገር ወይ? አትናገሪ። ለሥራው ብቃት አለሽ ወይ የሚለውን እንጂ የማህፀንሽን ጉዳይ ለማንም የማስረዳት ግዴታ የለብሽም። «ልጅ አለሽ? ለመውለድ ታስቢያለሽ?» ብሎ የሚጠይቅ ቀጣሪም ካለ ለወንዱ ተወዳዳሪ የማያነሣውን ጥያቄ እያነሣ ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ ይተወው። ሥራ ከያዝሽ በኋላ ግን ፈጽሞ መደበቅን አልመክርም። ለአንድ ታማኝ ሰው፣ ለቅርብ ኃላፊሽ ወይም ለሰው ሀብት ባለሙያው፣ ሕክምና ላይ እንደሆንሽና በየትኛው ወር ቀን እንደሚያስፈልግሽ ንገሪ፤ የበሽታውን ስም ሳትጠቅሺም ይቻላል። የሐኪም ወረቀት ያዢ፤ ወረቀቱ ስንት ቀን እንደሚያስፈልግ እንጂ ምን እንደሆነ በዝርዝር እንዲያወራ አያስፈልግም።

አሁን ደግሞ ብዙም የማይነገር ነገር ልናገር። ሥራ ሕክምናን ብቻ አይደለም የሚያሰናክለው፤ አንዳንድ ጊዜ ሕክምና ያስፈለገበት ምክንያት ራሱ ሥራው ነው። ባል በአንድ ወረዳ መምህር፣ ሚስት በሌላ ወረዳ ነርስ ሆነው ተመድበው ዝውውር የሚጠብቁ ወጣት ባልና ሚስቶችን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የሴት እንቁላል ከወጣ በኋላ የሚኖረው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ነው፤ የወንድ ዘር በሴት አካል ውስጥ እስከ አምስት ቀን ሊቆይ ይችላል። በወር ውስጥ ማርገዝ የሚቻለው ስድስት በሚያህሉ ቀናት ብቻ ነው። ደመወዝ ሲወጣ ብቻ የሚገናኙ ባልና ሚስት እነዚህን ስድስት ቀናት ስንት ወር ያገኟቸዋል? አዘውትሮ መገናኘት ከመካንነት ትርጉም ውስጥ አለ ያልኳችሁን አስታውሱ። እነዚህ ሰዎች በሽታ የለባቸው ይሆናል፤ ያለባቸው የምደባ ችግር ነው። ሆኖም ዓመታት አልፈው «መካን» ተብለው፣ በሌላቸው በሽታ ተመርምረው፣ ገንዘባቸውን ጨርሰው ይገኛሉ። ባልና ሚስትን የሚያገናኝ አንድ የዝውውር ደብዳቤ ከብዙ መርፌ የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ይህን ደብዳቤ የመፈረም ሥልጣን ያላችሁ ሰዎች እዚህ አዳራሽ ውስጥ አላችሁ። ቢሮ የሌላቸውንም አንርሳ። በፋግታ ለኮማ ወረዳ ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ ተክላ ከሰል የምታከስል፣ በዳንግላ ገበያ እህል የምትሸጥ ሴት ፈቃድ የምትጠይቀው አለቃ የላትም፤ የቀረችበት ቀን ግን ያልተገኘ ገቢ ነው። ለእሷ የሚጠቅማት የምርመራው ወደ ቅርብ መምጣት ነው።

ወደ ተቃውሞዎቹ ልለፍ። የመጀመሪያው የአሠሪው ነው። «ለሴት ተጨማሪ ቀን ከተሰጠ አሠሪ ሴት መቅጠር ያቆማል» ይላል። ስጋቱ እውነት አለው፤ ንቄ አላልፈውም። መልሱ ግን ቀኑን መከልከል አይደለም፤ ለሁለቱም መስጠት ነው። ማልታ ለአንድ ዙር 100 ሰዓት ከደመወዝ ጋር ስትፈቅድ 60ውን ሕክምናው ለሚደረግላት፣ 40ውን ለአጋሯ አድርጋለች። ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ2018 ለመካንነት ሕክምና በዓመት 3 ቀን ሰጠች፤ በ2025 ወደ 6 ቀን አሳደገችው፣ ሁለቱ ከደመወዝ ጋር ናቸው፤ ለሴትም ለወንድም። ወንዱም የሚወስደው ፈቃድ ሴትን ብቻ የሚያስፈራ አይሆንም። ደግሞስ አሠሪው የሚያጣው ምንድን ነው? ልምድ ያላትን የባንክ ሠራተኛ ለቅቃ ብትሄድ ማስታወቂያው፣ ፈተናው፣ አዲሷን ማሠልጠኑ ከስድስት ቀን በላይ ያስወጣዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የአገር ነው። «ሕዝባችን እየበዛ፣ የቤተሰብ ምጣኔ እያስተማርን ለመካንነት ሕክምና መጨነቅ ምን ይሉታል?» ይባላል። እውነት ነው፤ በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገር ደረጃ አንዲት ሴት በአማካይ 4.6 ልጆች ትወልድ ነበር፤ በአማራ ክልል 3.7፣ በአዲስ አበባ 1.8። ነገር ግን አማካይ ለማንም ልጅ አይሆንም። ጎረቤቷ አምስት መውለዷ አንድም ላጣችው ሴት ምንም አያደርግላትም። የቤተሰብ ምጣኔ ትምህርት የተመሠረተው ባልና ሚስት የሚፈልጉትን ያህል ልጅ በሚፈልጉት ጊዜ ይውለዱ በሚለው ላይ ነው። ይህ ለበዛበት ብቻ የሚሠራ፣ ላጣ የማይሠራ ከሆነ ምጣኔ ሳይሆን ቁጥር መቀነስ ብቻ ይሆናል።

ሦስተኛው ከእምነት የሚመጣ ነው፤ በአክብሮት እመልሳለሁ። ልጅ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው የሚል ሰው ከእኔ ጋር አይጣላም። ጠበል የሚጠመቁ ብዙዎች ናቸው፤ ሰባት ቀን ጠበል ልግባ ያለውን ሠራተኛም አለቃው ብዙ ጊዜ ይረዳዋል። ለጠበሉ የተሰጠ መረዳት ለሐኪሙም ይሰጥ ነው የምለው። አይ.ቪ.ኤፍን በተመለከተ በሃይማኖት ጥያቄ ያለበት ሰው ከንስሐ አባቱ ወይም ከሼኩ ጋር ይምከር፤ አሠሪው በዚህ ውስጥ ዳኛ መሆን የለበትም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ አዋጅ እስኪሻሻል መጠበቅን አይደለም። አዋጁ ዝቅተኛውን ወሰን ነው ያስቀመጠው፤ ከዚያ በላይ መስጠት አይከለክልም። የሠራተኛ ማኅበር ያላችሁ፣ በሚቀጥለው የኅብረት ስምምነት ድርድር ላይ ለመካንነት ሕክምና በዓመት 6 ቀን፣ ለባልም ለሚስትም፣ በሐኪም ወረቀት የሚል አንድ አንቀጽ አስገቡ። የሰው ሀብት ኃላፊዎች፣ የሕመም ፈቃድ ወረቀት ይዛ የመጣችን ሠራተኛ «ይሄ ሕመም ነው ወይ?» ብላችሁ አትመልሷት፤ የዓለም ጤና ድርጅት በሽታ ብሎታል። ወረቀቷንም በማኅደሯ ውስጥ ዝጉት፤ በሴክሬተሪዋ ጠረጴዛ ላይ አይደር። የሆስፒታል አመራሮች፣ የወንድ ዘር ምርመራ በእንጅባራና በዳንግላ በየሳምንቱ በታወቀ ቀን እንዲሠራ አድርጉ፤ ቀኑንም በግልጽ ለጥፉ። በየወረዳው የትምህርትና የጤና ጽሕፈት ቤት ያላችሁ ደግሞ ነገ ጠዋት ቢሮ ስትገቡ ባልና ሚስትን ለማገናኘት የቀረቡትን የዝውውር ማመልከቻዎች ከመደርደሪያው አውጡና በትዳር ዓመታቸው ቅደም ተከተል አስቀምጧቸው። ከላይ ካለው ጀምሩ።